የምጣድ ፊዚክስ፦ በቤታችን ውስጥ ኢነርጂ የት ይገባል?

ስለ ኃይል ቁጠባ በተነሣ ቁጥር ከተማሪዎቻችን የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ናቸው። የሞባይል ቻርጀር ስልክ ሳይሰካበት ሶኬት ላይ ቢያድር ስንት ይቆጥራል? ቴሌቪዥንን በሪሞት ማጥፋት ይበቃል ወይስ ከግድግዳው መንቀል ያስፈልጋል? አምፖል ቢቀየር የወሩ ሒሳብ ምን ያህል ይወርዳል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሆኖም ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ጉድለት አለ፤ ትኩረታቸው ዓይናችን በሚያየው፣ በሚያበራው ወይም በሚናገረው ዕቃ ላይ ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ብዙውን ኢነርጂ የሚወስደው ግን የሚያበራው ወይም የሚናገረው ሳይሆን ዝም ብሎ የሚያሞቀው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውድ አንባብያንን ይዘን ወደ ወጥ ቤት እንገባለን። ዋናው የመማሪያ መሣሪያችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሆናል። በአንድ የከተማ ቤት ውስጥ ከሚገኙት ዕቃዎች መካከል በአንድ ጊዜ የምጣድን ያህል ኤሌክትሪክ የሚስብ እምብዛም የለም። ከዚህም ሌላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው የሙቀት ፊዚክስ ከሞላ ጎደል በሙሉ በዚያች ክብ ሸክላ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። ለስሌቱ ማባዛትና ማካፈል ከጥቂት ትዕግሥት ጋር ይበቃል።

በመጀመሪያ ስለ ቃላት

በአማርኛችን «ኃይል» የሚለው ቃል ሸክም በዝቶበታል። የሚገፋውንም፣ የሚያሠራውንም፣ በየወሩ የምንከፍልበትንም «ኃይል» እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ «ኢነርጂ» ስንል ጠቅላላውን መጠን፣ «ፓወር» ስንል ደግሞ ኢነርጂው በእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚፈስበትን ፍጥነት ማለታችን ነው። ፓወር በዋት ይለካል፤ አንድ ዋት ማለት በሴኮንድ አንድ ጁል ነው። ቆጣሪያችን የሚመዘግበው ግን ፓወርን ሳይሆን ኢነርጂን ነው፤ መለኪያውም ኪሎዋት ሰዓት ይባላል። አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 3.6 ሚሊዮን ጁል ይወስዳል። ኪሎዋት እንደ መኪና ፍጥነት፣ ኪሎዋት ሰዓት እንደ ተጓዘው ርቀት ነው ብንል ያስኬዳል። ሁለቱን የሚያደባልቅ አነጋገር በሬዲዮ ብቻ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲ የፈተና ወረቀት ላይም አይጠፋም።

ቻርጀሩ፣ አምፖሉና ምጣዱ

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። ዘመናዊ የሞባይል ቻርጀር ስልክ ሳይሰካበት የሚስበው ፓወር እጅግ አነስተኛ ነው፤ 0.2 ዋት ብለን ብንነሣ ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። በዓመት ውስጥ 8,760 ሰዓታት አሉ። ስለዚህ ቻርጀሩ ዓመቱን ሙሉ ሌትና ቀን ሳይነቀል ቢቀመጥ የሚወስደው ኢነርጂ 0.2 × 8,760 = 1,752 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። 1.75ን ለ3.5 ስናካፍል ግማሽ ሰዓት እናገኛለን። እንግዲህ የቻርጀሩ የአንድ ዓመት ፍጆታ ከምጣዱ የሠላሳ ደቂቃ ፍጆታ ጋር እኩል ነው ማለት ነው።

ቻርጀር መንቀል ከንቱ ነው አላልንም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሚከሰተው የቮልቴጅ መዋዠቅ ዕቃውን ይጠብቃልና ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ቻርጀሩን ነቅሎ «እኔ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» የሚል ሰው፣ ክዳኑ ተነሥቶ በባዶው የሚግል ምጣድ አጠገብ ቆሞ ከሆነ፣ ቁጠባውን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መልሶ አጥፍቶታል።

የአምፖሉ ጉዳይ ይለያል። አሮጌው ባለ ክር አምፖል ከሚስበው ኢነርጂ ወደሚታይ ብርሃን የሚለውጠው ከ10 በመቶ ያነሰውን ነው፤ ሌላው ሁሉ ሙቀት ይሆናል። በእርግጥ ነገሩን ካየነው ይህ ዕቃ በመጠኑ የሚያበራ ምድጃ ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን ለአምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ተቀራራቢ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ግን 1.35 ብቻ ይበቃዋል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሀገሪቱ ከባድ የኃይል እጥረት ባጋጠማት ጊዜ የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ነባሮቹን አምፖሎች እየተቀበለ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ያደለው በዚሁ ስሌት ነበር። ከእነዚያ ጠምዛዛ አምፖሎች የተረፉ በየቤቱ ይገኙ ይሆናል፤ በውስጣቸው ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ ስላለ ሲሰበሩ መስኮት መክፈትና ስብርባሪውን በእጅ አለመንካት ይገባል።

በሸክላው ላይ ምን ይፈጸማል?

ምጣዱን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ስፋቱ 58 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሸክላ ነው። ሽቦው ከሸክላው ሥር በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ እየዞረ ይገባል። የሸክላውን ክብደት 10 ኪሎ ግራም እንበል። አንድ ኪሎ ሸክላ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ ወደ 880 ጁል ይፈልጋል። ምጣዱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተነሥቶ ለመጋገር ወደሚመቸው 220 ዲግሪ እንዲደርስ የሚያስፈልገው እንግዲህ፦

10 × 880 × 200 = 1,760,000 ጁል

ነው፤ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ሽቦው በሴኮንድ 3,500 ጁል የሚሰጥ ከሆነ ይህን ለማድረስ ስምንት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ይህ ምንም ሙቀት ወደ ውጭ ባይባክን ነው። የሚባክነው ሲታከልበት ምጣድ እስኪግል ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ጋግረው የሚያውቁ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ልብ እንበል፤ እስከዚህ ድረስ አንዲትም እንጀራ አልወጣችም። ይህ የማሞቂያ ወጪ አምስት እንጀራ ለሚጋግርም ሠላሳ ለሚጋግርም እኩል ነው። ለአምስቱ ሲካፈል ለእያንዳንዷ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳታል፤ ለሠላሳው ሲካፈል ግን ከ0.02 ያንሳል። እናቶቻችን «አንዴ ከተጣደ አይቀር» ብለው የሳምንቱን በአንድ ቀን የሚጋግሩት፣ ጎረቤትም ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ሊጡን ይዞ የሚመጣው፣ ይህን ሒሳብ በወረቀት ሳይጽፉ ስለሚያውቁት ነው።

አሁን ሊጡን እናፍስስ። አንድ እንጀራ 450 ግራም ሊጥ ይወስዳል እንበል። አብዛኛው ውኃ ስለሆነ አንድ ኪሎው በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ ወደ 3,500 ጁል ይፈልጋል። እስከ ስንት ዲግሪ ይሞቃል? እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «እስከ 100» ይላሉ፤ አዲስ አበባ ግን የባሕር ጠረፍ አይደለችም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃም የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በድሬዳዋ ወደ 96 ይጠጋል። እንግዲህ ሊጡን ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 113,000 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ከሊጡ 100 ግራም ያህል ውኃ ተንኖ ይወጣል። አንድ ኪሎ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀቱ በዲግሪ ሳይጨምር 2.26 ሚሊዮን ጁል ይውጣል፤ ይህን ስውር ሙቀት እንለዋለን። ለ100 ግራሙ 226,000 ጁል ይሆናል። ድምሩ ወደ 340,000 ጁል ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሄደው ሊጡን ለማሞቅ ሳይሆን ከምጣዱ ላይ ለሚነሣው እንፋሎት መሆኑን ማየት ይቻላል።

ታዲያ ሊጡ፣ ከሸክላው ጋር የተጣበቀው ስስ ታችኛው ክፍል ካልሆነ በቀር፣ ከ92 ዲግሪ የማያልፍ ከሆነ ምጣዱን እስከ 220 ማጋል ለምን አስፈለገ? መልሱ በፍጥነት ላይ ነው። ሙቀት ከሸክላው ወደ ሊጡ የሚፈሰው በሁለቱ መካከል ባለው የዲግሪ ልዩነት ልክ ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ እንፋሎቱና በእርሾው የተፈጠረው ጋዝ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይፈነቅላሉ፤ የስታርቹ አካልም ወዲያው ይጠነክርና የአረፋዎቹ ቀዳዳዎች እንደ ተከፈቱ ይቀራሉ። እንጀራ ዓይን አወጣ የምንለው ይህን ነው። ምጣዱ ካልጋለ ጋዙ ቀስ ብሎ ያመልጥና እንጀራው ድፍን ይሆናል።

ክዳኑ የተነሣ ምጣድ

ባዶውን የሚጠብቅ የጋለ ምጣድ ወደ ወጥ ቤቱ ምን ያህል ሙቀት ይረጫል? የስቴፋንና የቦልትዝማንን ሕግ የተማረ ይህን ሊያሰላው ይችላል። በኬልቪን ስንለካ የምጣዱ ገጽ 493፣ የወጥ ቤቱ ግድግዳ 293 ነው። የምጣዱ ገጽ ስፋት 0.26 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በጨረራ ብቻ የሚወጣው 700 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ከምጣዱ በላይ ተግጎ በሚወጣው አየር የሚወሰደው ሲጨመርበት ጠቅላላው ወደ 1,200 ዋት ይደርሳል። ሽቦው ከሚስበው ኤሌክትሪክ ሲሶው ወደ ጣሪያ ይሄዳል ማለት ነው።

አንዷ እንጀራ ወጥታ ሌላዋ እስክትፈስ ድረስ ምጣዱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ክፍቱን ቢቆይ፣ ሃያ እንጀራ ለሚጋግር ቤት የክፍተቱ ድምር ሃያ ደቂቃ፣ ብክነቱም 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ለብቻው ከሁለት ወር ተኩል በላይ የሚሆን የቻርጀር ፍጆታ ነው፤ በአንድ የመጋገሪያ ቀን! አክንባሎው እንግዲህ ለእንፋሎት ብቻ የተሠራ አይደለም። ሊጡ ተቀጥኖ፣ ማሰሻውና ሰፌዱ በእጅ ሥር ሆነው፣ ሥራው ሳይቋረጥ ሲካሄድ የሚተርፈው ጉልበት ብቻ አይደለም። ምጣድ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ከሽቦው በታች ያለውን ክፍል ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር ቢያሽጉት የታችኛው ብክነት በእጅጉ ይቀንሳል። በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ምጣዶች ግን በዚህ ረገድ ተገቢው ጥንቃቄ የተደረገላቸው አይመስለንም።

ስለ መጨረሻዋ እንጀራም አንድ ነገር እንበል። 10 ኪሎ ሸክላ ከ220 ወደ 180 ዲግሪ ሲወርድ 10 × 880 × 40 = 352,000 ጁል ይለቃል። ይህ አንዲት እንጀራ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ጋር ይቀራረባል። ማብሪያው የመጨረሻዋ ሊጥ ከመፍሰሷ በፊት ቢጠፋ ሸክላው ያከማቸው ሙቀት ያወጣታል፤ ለትርፍ ሰዓት ለቆሎ ማሞቂያም ይበቃል።

የበዓል ዋዜማ

በእንቁጣጣሽ ወይም በፋሲካ ዋዜማ ሠፈሩ ሁሉ ሲጋግር መብራቱ ይደክማል፣ አምፖሉ ይቀላል፣ ምጣዱም «አልግል» ይላል። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር 50 ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢበሩ 50 × 3.5 = 175 ኪሎዋት ይሻሉ። በሠፈሩ መስመር የሚያልፈው ከረንት ሲበዛ በሽቦዎቹ ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅም ይበዛል፤ ወደ ቤታችን የሚደርሰው ከ220 ወደ 180 ቮልት ሊወርድ ይችላል።

ብዙ ሰው ቮልቴጅ ሲቀንስ ምጣዱ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ሒሳቡም እንደሚቀንስ ያስባል። ይህን ግምት በቁጥር መፈተን ይገባል። ፓወር ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ የምጣዱ ፓወር የሚቀንሰው በ180/220 ልክ ሳይሆን በካሬው ልክ ነው፤ ከ3,500 ዋት ወደ 2,340 ዋት ገደማ ይወርዳል። ወደ ውጭ የሚባክነው ሙቀት ግን ቮልቴጅን አይጠይቅም። እርሱን የሚወስነው ምጣዱ የደረሰበት ዲግሪ ነው። ክዳን ተደፍቶ ከላይም ከታችም የሚባክነው በአማካይ 1,000 ዋት ነው ብንል፣ በደኅናው ሰዓት ለሊጡ የሚደርሰው 2,500 ዋት ሲሆን በዋዜማው ምሽት 1,340 ብቻ ነው። 340,000 ጁል የምትፈልገው እንጀራ በደኅናው ሰዓት በ136 ሴኮንድ ትወጣለች፤ በተዳከመው መብራት 254 ሴኮንድ ትፈልጋለች። ቆጣሪው በመጀመሪያው ሁኔታ 476,000 ጁል፣ በሁለተኛው 594,000 ጁል ይመዘግባል። ጊዜው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጪውም በ25 በመቶ ያህል ጨመረ።

እንግዲህ በደከመ መብራት የሚጋገር እንጀራ ይዘገያል፣ ይወደዳል፣ ዓይኑም ይከፋል። ከዚህም በላይ መብራቱ የደከመበት ጎረቤት ምጣዱን ለረዥም ጊዜ አብርቶ ስለሚቆይ መስመሩ ይበልጥ ይጨናነቃል። ትራንስፎርመሩም በዚህ መካከል ይግላል፤ ሲቃጠል ደግሞ ሠፈሩ በዓሉን በሻማ ያሳልፋል። ሊጡን ጠዋት ወይም እኩለ ቀን ላይ መጋገር የሚቻልበት ቤት ሁሉ ያንኑ እንጀራ በአነስተኛ ኢነርጂ ያገኛል፤ ለጎረቤቱም ቮልት ይተውለታል።

«መብራታችን ከውኃ ከመጣ ለምን እንቆጥባለን?»

ይህ ከሁሉ የበለጠ የምንወደው ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው እንዳሰበ ያሳያልና። እውነት ነው፤ የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ስለሆነ በዚህ ረገድ አየሩን ከድንጋይ ከሰል ጣቢያዎች ጋር በሚነጻጸር ሁኔታ አይበክልም። ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን እንመልከት። የግድቡ ጠቅላላ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። በመንገድ ላይ ምንም ሳይባክን፣ ለፋብሪካና ለመንገድ መብራት ምንም ሳይተርፍ፣ ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ቢዞሩ በአንድ ጊዜ ማብራት የሚችሉት 1.47 ሚሊዮን ምጣዶችን ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት ሀገር ይህ ቁጥር ሊያስደንቀን ይገባል። ምጣድ ቀልድ አይደለም።

ከሕዝባችንም ግማሽ ገደማው ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ ኤሌክትሪክ ያገኘውም ብዙ ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። በከተማ የሚተርፈው ኪሎዋት ሰዓት ዋጋው የሚታወቀው የሦስት ጉልቻውን ሒሳብ ከጎኑ ስናስቀምጥ ነው። ክፍት እሳት ላይ እንጀራ ሲጋገር ወደ ሊጡ የሚደርሰው ከእንጨቱ ኢነርጂ ከ10 በመቶ ያነሰው ነው። 8 በመቶ ብንል፣ ሃያ እንጀራ የሚፈልገውን 6.8 ሚሊዮን ጁል ለማግኘት 85 ሚሊዮን ጁል መንደድ አለበት። የደረቀ እንጨት በኪሎ 16 ሚሊዮን ጁል ይሰጣልና ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት መሆኑ ነው። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የራሱን ውኃ ማትነን ስላለበት መጠኑ ይጨምራል፤ ጢሱም ይከፋል። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የሚፈጠር የጢስ ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለሞት እንደ ዳረገ ይገምታል። በእኛ ሀገር ያን ጢስ የሚስበው ማን እንደሆነ መናገር አያሻም።

እሳቱን ዙሪያውን የሚከልለው «ምርጥ» ምድጃ የእንጨቱን ፍጆታ ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም፤ ነፋስ እሳቱን እንዳይበትነው፣ ጨረራውም ወደ ጎን እንዳያመልጥ ይጋርደዋል። በከሰል ለሚያበስሉ ደግሞ ውስጡ በሸክላ የተለበጠው «ላቀች» አለ። ከሰል ራሱ ግን ንጹሕ የሚመስለው አብዛኛው ጢሱ በከሰል አክሳዩ ጫካ ውስጥ ስለቀረ ነው። በተለመደው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እንጨት ይፈጃል፤ ከእንጨቱ ኢነርጂ ሁለት ሦስተኛው ገና ገበያ ሳይደርስ ጠፍቷል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያስከትለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በየክረምቱ እንሰማለን።

የሚፈላ ድስት

የወጡ ጉዳይ ከእንጀራው ያነሰ ይሁን እንጂ በፊዚክስ ረገድ አስተማሪነቱ አይተናነስም። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማፋፋም ውስጡን አያሞቀውም፤ በአዲስ አበባ ከ92 ዲግሪ ፈቀቅ አይልም። የተጨመረው እሳት ሁሉ ለትነት ይውላል። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስኪፈላ 300,000 ጁል ይበቃዋል፤ ያንኑ ሊትር ሙሉ በሙሉ ለማትነን ግን ሰባት እጥፍ ተኩል ያስፈልጋል። ባቄላና ሽንብራ በደጋ የሚያስቸግሩትም በዚህች በ92 ዲግሪ ምክንያት ነው፤ ሌሊቱን ማዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ መፍትሔው ነው። ክዳኑ በሚቆለፈው የግፊት ድስት ውስጥ ውኃው በአዲስ አበባም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል፤ የሰዓታቱ ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። ለመጠጥ የሚፈላ ውኃም በደጋ ሦስት ደቂቃ ከተንተከተከ ይበቃዋል።

የሻወር ማሞቂያ ያለው ቤት ደግሞ ይህን ያስላ። 40 ሊትር ውኃ ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በአዲስ አበባ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ በአማካይ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኢነርጂ ይቀበላል። በፀሐይ ውኃ ማሞቅ ከፍተኛ ቴክኖሎጂ የማይጠይቅ፣ ጥቁር ቀለምና መስተዋት የሚበቃው ሥራ ነው። እንጀራን ራሱን በፀሐይ ለመጋገር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ምርምር በፀሐይ የጋለ ዘይት ከምጣዱ ሥር እንዲዞር ተደርጓል።

ቆራሌው የሚወስደው

አንባብያን መልሶ ስለ መጠቀምም ይጠይቁናል። በዚህ ረገድ አሮጌ ብረትና ጠርሙስ በየበሩ እየጠራ የሚሰበስበው ቆራሌውና በመርካቶ ምናለሽ ተራ ቁርጥራጩን ወደ ምድጃና ወደ መጥረቢያ የሚለውጠው ባለሙያ ከብዙ ሀገሮች ቀድመው ጀምረዋል። የዚህም ሥራ ጥቅም በሙቀት ይለካል። አልሙኒየምን ከማዕድኑ በኤሌክትሪክ ለመለየት ለአንድ ኪሎ ከ13 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያረጀውን ድስት ለማቅለጥ ግን፣ የማቅለጫው ብክነት ሳይቆጠር፣ 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ጠርሙስም ታጥቦ ሲመለስ የሚያስፈልገው የሞቀ ውኃ ነው፤ ተሰብሮ ሲቀልጥ ግን 1,500 ዲግሪ ያህል እሳት ይጠይቃል። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ ቢያንስ ለጋዝና ለዘይት እየታጠበ መዋሉ በጎ ነው፤ ጋዝ የያዘው ግን ለምግብ አይመለስም።

ከቤት የሚወጣውን ቆሻሻ ደረቁን ከእርጥቡ መለየት ትርጉም አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያው አካባቢ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ተመርቋል። ምድጃው ውስጥ የሚገባው የአትክልት ልጣጭና የእንጀራ ትራፊ ግን ይበልጡን ውኃ ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ ውኃ ደግሞ ከላይ ያየነውን 2.26 ሚሊዮን ጁል ይበላል። እርጥቡ ተለይቶ ማዳበሪያ ቢሆን እሳቱም አፈሩም ይጠቀማሉ።

ራሳችሁ ለኩት

ከላይ የሰጠናቸው ቁጥሮች ግምቶች ናቸው፤ የምጣዳችሁ ክብደትም የመስመራችሁ ቮልቴጅም ከዚህ ይለያል። ዲጂታል ቆጣሪ ያላችሁ የሚከተለውን ሞክሩ። በቆጣሪው ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 1,600። ሌሎች ዕቃዎችን ሁሉ አጥፍታችሁ ምጣዱን ብቻ አብሩና ብልጭታዎቹን ለ60 ሴኮንድ ቁጠሩ። 93 ጊዜ ከበራች ፓወሩ 93 ÷ 1,600 × 60 = 3.49 ኪሎዋት ነው። ያንኑ ልኬት በጠዋትና በምሽት አንድ ሰዓት ደግሙት፤ ከሁለቱ ቁጥሮች ስኩዌር ሩት የመስመራችሁን የቮልቴጅ መውረድ ታገኛላችሁ። ቀጥሎ አሥር እንጀራ አክንባሎውን ፈጥኖ እየደፉ፣ ሌላ ቀን ደግሞ አሥር እንጀራ ሳይጣደፉ ጋግራችሁ በእያንዳንዱ ቀን ቆጣሪው የጨመረውን ጻፉ። የሊጡንና የወጣውን እንጀራ ክብደት በሚዛን ከለካችሁ ልዩነቱ የተነነው ውኃ ነው፤ ከእርሱ ተነሥታችሁ የምጣዳችሁን ብቃት ማስላት ትችላላችሁ። ቆጣሪውን ግን ከውጭ ሆናችሁ ብቻ ተመልከቱ፤ መክፈት ለሕይወት አደገኛ ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል።